ስኩባ ጠላቂ ስኖርክል ይያዝ ወይስ ይተወው? ከመወሰን እስከ መለማመድ

የእስራኤሏ ኤይላትም ሆነች የግብፅዋ ዳሃብ፣ ጠዋት ጠዋት የአየር ታንክ ተሸክመው ወደ ቀይ ባሕር የሚገቡትን ስኩባ ጠላቂዎች ልብ ብላችሁ እዩ። ገና ኮርስ ላይ ያሉት በማስካቸው (በውሃ መነጽራቸው) ግራ በኩል ስኖርክል፣ ማለትም ፊትን ውሃ ውስጥ ደፍቶ ከላይ አየር የሚሳብበትን አጭር ቱቦ፣ ሰክተዋል። ከቆዩት ውስጥ የብዙዎቹ ማስክ ባዶ ነው። አዲሱ ሰው ይህን ያይና ኮርሱን በጨረሰ ማግስት ስኖርክሉን ቤት ጥሎ ይመጣል። "የጀማሪ ዕቃ ነው" ይላል። ማን እንደነገረው እንጃ።

ባዶ ማስክ ያለው ሁሉ ስኖርክል የለውም ማለት አይደለም። ኪሱ ውስጥ አጣጥፎ የያዘ አለ። በቂ ምክንያት ኖሮት ጭራሽ የማይዝ አለ። ሌላው ስላደረገ ብቻ የተወም ሞልቷል። ከውጭ ሲታዩ ሦስቱም አንድ ናቸው። ለዚህ ነው ሰው አይቶ መወሰን የማያዋጣው።

ስኖርክል 20 ሜትር ታች ምንም አይፈይድም። ሥራው ከላይ ነው፤ ከመውረዳችሁ በፊትና ከወጣችሁ በኋላ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዳይቭ (ጠልቆ መውረድ) በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ዛሬ ውሃው ላይ ምን ያህል እዋኛለሁ፣ ውሃውስ ምን ዓይነት ነው? የኔ አቋም ይህ ነው፦ ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው ስኖርክል ይኑረው፤ ሁልጊዜ ግን ማስኩ ላይ አይሰካው። ዝርዝሩን ከታች በየተራ እንየው።

1. መጀመሪያ ሂሳቡን ሥሩ

"ታንኬ ውስጥ አየር እያለ ስኖርክል ምን ያደርግልኛል?" የሚለው ክርክር የታወቀ ነው። እስቲ በቁጥር እንየው።

ስትወጡ ታንኩ ውስጥ 50 ባር ያህል እንድታስቀሩ ተምራችኋል (ባር የአየሩ ግፊት መለኪያ ነው፤ በታንኩ ሊትር ሲባዛ የቀረውን አየር ይሰጣል)። ታንኩ ባለ 12 ሊትር ከሆነ የቀረው አየር 600 ሊትር ነው። ውሃው ላይ ዘና ብሎ የሚዋኝ ሰው በደቂቃ 20 ሊትር ያህል ይተነፍሳል እንበል። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል ማለት ነው። ይህ ደህና ነው።

አሁን ነፋስ ጨምሩበት። ሙሉ ዕቃ ታጥቃችሁ፣ ቢሲዲያችሁ (የሚነፋው የመንሳፈፊያ ጃኬት) ተነፍቶ ውሃውን እየገፋ፣ ሞገድ ፊት ለፊት እየመጣ። በደቂቃ 40 ሊትር መተንፈስ ቀላል ነው። 600 ሊትሩ 15 ደቂቃ ሆነ። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ ሁሉም ሰው 50 ባር ይዞ አይወጣም። 30 ባር ይዞ ብቅ የሚለው ስንቱ ነው። 30 ባር ማለት 360 ሊትር ነው። በዚያ ፍጥነት 9 ደቂቃ። ዳርቻው 300 ሜትር ቢርቅ፣ ከነዕቃው ከነፋስ ጋር እየታገለ በ9 ደቂቃ የሚደርስ ብዙ ሰው የለም።

ስኖርክል ያለው ሰው ይህ ሂሳብ አያስጨንቀውም። የሚስበው ከሰማይ ነው፤ ታንኩ ውስጥ የቀረው ለክፉ ቀን ይቀመጣል።

ሌላውም ወገን እውነት አለው። ሞገዱ ከፍ ብሎ በቱቦው አናት ላይ የሚያልፍ ከሆነ ሬጉሌተር (የታንኩን አየር ወደ አፍ የሚያመጣው ዕቃ) ከስኖርክል በብዙ ይሻላል። ሬጉሌተር ውሃ ቢያለብሱትም አየር ይሰጣል፤ ስኖርክል ግን በየሁለት ትንፋሹ ጨው ውሃ ያጎርሳችኋል። ስለዚህ በሻካራ ባሕር መጀመሪያ ሬጉሌተር፣ አየሩ እያለቀ ሲሄድ ስኖርክል። ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ረጅም መንገድ ካለ ግን ከመጀመሪያው ስኖርክል።

አንድ ሂሳብ ደግሞ ስለ ቱቦው ራሱ። ዘና ያለ ሰው በአንድ ትንፋሽ ግማሽ ሊትር ያህል አየር ይስባል። ከዚያ ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር ያህሉ ጉሮሮና የአየር ቧንቧ ውስጥ ቀርቶ ሳንባ ሳይደርስ ይመለሳል። 2 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቱቦ ሌላ 125 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። ሳንባ የሚደርሰው አዲስ አየር 225 ሚሊ ሊትር ብቻ ሆነ። በአጭር በአጭሩ የሚያለከልክ ሰው መስኮቱ እንደተዘጋ ሚኒባስ ያንኑ አየር ደጋግሞ ነው የሚተነፍሰው። አንድ ሊትር ተኩል አድርጎ በረጅሙ የሚስብ ሰው ግን ከ1,200 ሚሊ ሊትር በላይ ንጹሕ አየር ያገኛል። በስኖርክል መተንፈስ ማለት በዝግታና በጥልቀት መተንፈስ ማለት ነው። ከዚህ ውጪ ምስጢር የለውም።

ቱቦውን ማስረዘም አያዋጣም። አንድ ሜትር ታች ውሃው በእያንዳንዱ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ደረታችሁ ላይ 10 ኪሎ ያህል ይጫናል። ላይ ያለውን አየር ለመሳብ ደረት ይህን ሁሉ መግፋት አለበት፤ ብዙ አይቆይም። ልጆች በአትክልት ጎማ የሚሞክሩት ጨዋታ አደገኛ የሆነው ለዚህ ነው።

2. ዛሬ ትይዙታላችሁ? እንደ ቦታው ወስኑ

*ከዳርቻ ተነስታችሁ የምትዋኙ ከሆነ ያዙ፣ ማስኩ ላይ ሰክታችሁ።* ኤይላት ያላችሁ ወገኖቼ አብዛኛው ዳይቫችሁ እንዲህ ነው። ሳቲልን ውሰዱ። በ1994 እ.ኤ.አ. ለጠላቂዎች ተብሎ እንዲሰጥም የተደረገ የእስራኤል ባሕር ኃይል የሚሳይል ጀልባ ነው። ከዳርቻው ተነስቶ ላይ ላይ ዋኝቶ በላዩ ደርሶ መውረድ ይቻላል፤ አየራችሁን ለመርከቡ ታቆያላችሁ። ስትመለሱ ነፋስ ካለ ደግሞ ስኖርክሉ ለሁለተኛ ጊዜ ይጠቅማችኋል። ዱባይና አካባቢው ያላችሁም ፉጃይራ ስትሄዱ ያው ነው፤ ስኑፒ ደሴት በዋና የሚደረስበት ነው፤ ታች ኮራሉን እያያችሁ ትሄዳላችሁ። ዳሃብም በአብዛኛው የዳርቻ ዳይቭ ነው፤ ነፋሱም የታወቀ ነው። በሸራ የሚንሳፈፉት ሰዎች ከዓለም ዙሪያ የሚመጡት ለነፋሱ ነው፤ ለእነሱ በጎ የሆነው ለእኛ አይደለም።

"በጀርባዬ እዋኛለሁ" የምትሉ አላችሁ። ጥሩ ዘዴ ነው። ቢሲዲ ተነፍቶ፣ ፊት ወደ ሰማይ፣ እግር ብቻ እየሠራ። ጸጥ ባለ ውሃ እኔም ደስ ይለኛል። ችግሩ የምትሄዱበትን አለማየታችሁ ነው። በየጊዜው አንገት ማዞር አለ። ከታችም ኮራሉ ወደ ላይ መቅረቡን አታዩም፤ በፊናችሁ (እግር ላይ በሚጠለቀው መቅዘፊያ) ስትሰብሩት ነው የምታውቁት። ሞገድ ካለ ደግሞ ፊት ላይ ይደፋል።

*ከጀልባ የምትወርዱ ከሆነ ኪስ ውስጥ ይበቃል።* ግብፅ ውስጥ ሁርጋዳና ሻርም ኤል ሼክ እንዲህ ነው። ጀልባው ዳይቩ ላይ ያደርሳችኋል፣ መልሶ ያነሳችኋል። ውሃው ላይ የምትቆዩት ጥቂት ደቂቃ ነው። የሚያሰጋው ፍሰት ወስዷችሁ ጀልባው ሲያጣችሁ ነው። እዚህ ላይ ግን ስኖርክል ሁለተኛ ነው፤ አንደኛው የሚነፋው ረጅም ቀለማም ምልክትና ፊሽካ ነው። ጀልባ ነጂ ሁለት ጥቁር ራስ በሞገድ መሃል አያይም፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ብርቱካናማ ምልክት ግን ያያል። ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ምልክቱን ግዙ። ስኖርክሉ እስኪደርሱላችሁ ድረስ ፊታችሁን ውሃ ውስጥ ደፍታችሁ በሰላም እንድትተነፍሱ ነው።

*ዋሻ ወይም የሰጠመ መርከብ ሆድ ውስጥ የምትገቡ ከሆነ ማስኩ ላይ በፍጹም።* ቲስልጎርም በ1941 እ.ኤ.አ. በቀይ ባሕር የሰጠመች የእንግሊዝ የጭነት መርከብ ናት። ውስጧ ብረት፣ ገመድና ሽቦ ነው። ከማስክ ጎን ወጣ ያለ ቱቦ አንዱን ቢይዝ ማስካችሁ ይጎተታል። ዋሻ ውስጥ ደግሞ ቀና ብሎ የሚተነፈስበት ሰማይ ስለሌለ ስኖርክል ሥራ የለውም። ሁለት ሜትር ያህል የሚረዝም የሬጉሌተር ቱቦ አንገታቸው ላይ ዞሮ የሚይዙ ጠላቂዎችም ስኖርክል አይሰኩም። አየር ያለቀበት ሰው ሲመጣ ያ ቱቦ በአንድ እጅ ምዝዝ ብሎ ከራስ ላይ መውጣት አለበት። ስኖርክል ካለ ይይዘዋል። "የቆዩት አይዙም" የሚለው ወሬ በከፊል ከዚህ የመጣ ነው፤ እነሱ ምክንያት አላቸው። ያንን ዕቃ ያልታጠቀ ሰው ምክንያታቸውን መዋስ አይችልም።

*ኮርስ ላይ ከሆናችሁ ምርጫ የላችሁም።* ፓዲ በሚባለው የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት የመጀመሪያ ኮርስ ሬጉሌተርን በስኖርክል መለዋወጥ ከትምህርቱ አንዱ ነው። የዋና ፈተናውም ያለ ዕቃ 200 ሜትር ወይም በማስክ፣ በፊንና በስኖርክል 300 ሜትር ነው። ዋና የማይደፍር ሰው ሁለተኛውን ቢመርጥ አልፈርድበትም።

*ጅቡቲ ለዌል ሻርክ (ግዙፍ የሻርክ ዓይነት) ከሄዳችሁ ነገሩ ሌላ ነው።* ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በተለይ በአርታ ዳርቻ በኩል፣ ዌል ሻርኮች ጥቃቅን ምግብ ለማጣራት አፋቸውን ከፍተው ውሃው ላይ ይመጣሉ። እነሱ ውሃው ላይ እያሉ ታንክ ይዞ ወደ ታች መውረድ ትርጉም የለውም። ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ለዚህ ዋና ዕቃው ማስክ፣ ፊንና ስኖርክል ነው። አትንኳቸው፣ ፊታቸው አትቁሙ፤ ጎን ለጎን ትንሽ ራቅ ብላችሁ ዋኙ።

ጅቡቲን ካነሳን፣ ከርእሱ ትንሽ ወጣ ልበልና አንድ ነገር። በስኖርክል ብቻ የዋኘ ሰው በዚያው ቀን ወደ አዲስ አበባ መመለስ ይችላል። በታንክ የጠለቀ ሰው አይችልም። ዳን የሚባለው የጠላቂዎች ደህንነት ድርጅት ከበረራ በፊት ከአንድ ዳይቭ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከብዙ ዳይቭ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅን ይመክራል። ምክንያቱ ከዳይቩ ሰውነት ውስጥ የቀረ ናይትሮጅን እያለ ከፍ ሲሉ የአየር ግፊት መቀነሱ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ራሷ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአውሮፕላን ክፍል ውስጥ ካለው ግፊት ብዙም አትለይም። በመኪናም ሆነ በባቡር ብትመጡ ሰውነታችሁ ያው ከፍታ ላይ ነው የሚደርሰው። "በመሬት ነው የምሄደው" ማለት አያድንም።

3. ስትገዙ

ሱቅ ብትገቡ ውዱንና ውስብስቡን ነው የሚያሳዩዋችሁ። ለስኩባ የሚሻለው ቀላሉ ነው።

አናቱ ላይ ተንሳፋፊ ቫልቭ ያለው "ደረቅ" የሚባለው ስኖርክል ውሃ አያስገባም፤ ላይ ላይ ብቻ ለሚዋኝ ሰው ጥሩ ነው። ለጠላቂ ግን አናቱ ትልቅ ነው። ታች ስትሆኑ ውሃው ይይዘውና ማስኩን ይጎትታል። ፊትን ሙሉ የሚሸፍነውን የስኖርክል ማስክ ደግሞ ከታንክ ጋር ፈጽሞ አታስቡት። ሬጉሌተር አፍ ውስጥ አይገባበትም፤ ጆሮ ለመክፈት አፍንጫ መያዝም አይቻልበትም።

የቀሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው ተራ የታጠፈ ቱቦ፣ ቢበዛ አናቱ ላይ ርጭት መከላከያ ያለው። የታችኛው ክፍል ለስላሳ ጎማ ከሆነ ከአፋችሁ ስታወጡት ወደ ታች ወርዶ ከሬጉሌተሩ ዘወር ይልላችኋል። ሁለተኛው ተጣጥፎ ወይም ተጠቅልሎ ኪስ የሚገባው የሲሊኮን ስኖርክል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከጀልባ የምትጠልቁ ከሆነ ይህኛውን ግዙ። ከመግዛታችሁ በፊት ጠቅልሉት፣ ልቀቁት፣ ቱቦው ሳይጨማደድ ወዲያው ቀጥ ማለቱን እዩ። ክሊፑንም ማስክ ሳታወልቁ በአንድ እጅ መሰካት መቻላችሁን ሞክሩ። በሁለት እጅ ካልሆነ አልገባም የሚል ክሊፕ ባሕር ላይ ያናድዳል።

ታች የውሃ ማስወጫ ቫልቭ ያለው ይሻላል ወይ? ለጀማሪ ያቀላል። ግን በዚያች ስስ ጎማ ሥር አሸዋ ወይም ፀጉር ከገባ ውሃ ማስገባት ይጀምራል፤ ባሕር መሃል ደግሞ አይጠገንም። ኤይላትን የመሰለ ጠጠርና አሸዋ ዳርቻ ላይ የምትጠልቁ ከሆነ ያለ ቫልቭ እመርጣለሁ።

የአፉን ጎማ ሳትነክሱ ገጣጥማችሁ እዩት። መንጋጋችሁን የሚጎትት ከሆነ ሌላ ሞክሩ። ዋጋ ብዙ አያታልላችሁ።

4. የት ይሰካ?

በግራ። ሁልጊዜ በግራ። ሬጉሌተሩ በቀኝ ትከሻ ዞሮ ስለሚመጣ ቀኙ ተይዟል።

ክሊፑን በማስኩ ማሰሪያ ላይ፣ በዓይንና በጆሮ መሃል፣ ጆሮ ግንድ አካባቢ አድርጉ። ቱቦው ከማሰሪያው ውጪ በኩል ይሁን። ማሰሪያው ሥር የገባ ቱቦ ማስኩን ከፊት አንስቶ ውሃ ያስገባል። ከዚያ ማስኩን አጥልቁና ፊታችሁን ወደ ታች አድርጋችሁ ትንሽ ወደ ፊት እዩ፤ ስትዋኙ የምትይዙት አቋም ይህ ነው። መስታወት ፊት ቆማችሁ ወይም ጓደኛ አይቶላችሁ ቱቦው ወደ ሰማይ ቀጥ ማለቱን አረጋግጡ። ወደ ኋላ የተኛ ቱቦ በትንሽ ሞገድ ይሞላል። የአፉ ጎማ ሳትስቡትና ሳትገፉት አፋችሁ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ቱቦውን በክሊፑ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች አንሸራትቱት። ይህን ዳርቻ ላይ በጥድፊያ ሳይሆን ቤት ነው መጨረስ።

ፀጉራችሁ ረጅም ወይም የተሠራ ከሆነ ሹሩባውን ከክሊፑ ራቅ አድርጋችሁ ከኋላ እሰሩት። የጨርቅ ማሰሪያ ልባስም ይረዳል፤ ፀጉር በጎማ አይጎተትም።

ኪስ ከመረጣችሁ የቢሲዲ ኪስ ውስጥ ዘወትር አንድ ቦታ አስቀምጡት። ዛሬ ቀኝ ነገ ግራ አይሁን። ምልክታችሁና ገመዱ ካሉበት ኪስም ለዩት፤ ምልክቱን ልታወጡ ስትጎትቱ ስኖርክሉ ተጠላልፎ ይወጣና ወደ ታች ይሰናበታችኋል። እግር ላይ በቢላዋ ማሰሪያ የሚያስሩት አሉ። አልወደውም፤ እዚያ ያለ ቱቦ የዓሣ ማጥመጃ ክር ለመያዝ ነው የሚመቸው።

5. ልምምድ፦ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ጀምሩ

ብዙ ሰው ስኖርክልን የሚጠላው ስላልተለማመደው ነው። ኮርስ ላይ አንዴ አድርጎት አለፈ። ከዚያ ዓመት ቆይቶ ሞገድ ላይ ሲሞክረው ውሃ ጎረሰ፤ በቃ ጠላው።

መጀመሪያ ዕቃ ሳትታጠቁ፣ ቁመታችሁ የሚደርስበት ቦታ ቁሙ። ማስክ አድርጉ፣ ስኖርክል ጎርሱ፣ ፊታችሁን ድፉ። በዝግታ ሳቡ፣ በረጅሙ አውጡ። ልባችሁ እስኪረጋ ድረስ ምንም አታድርጉ።

ቀጥሎ ውሃ ማስወጣት። ፊታችሁን ደፍታችሁ ሳትተነፍሱ ወደ ታች ውረዱና ቱቦው ይሙላ። ተመልሳችሁ ላይ ስትደርሱ ባጭሩና በኃይል "ቱ!" ብላችሁ ንፉ። ቀስ ብሎ መንፋት አይሠራም፤ አየሩ በውሃው ጎን ያልፋል፣ ውሃው ይቀራል። ከነፋችሁ በኋላ የመጀመሪያውን ትንፋሽ በጥንቃቄ፣ ምላሳችሁን ወደ ላንቃ አድርጋችሁ ሳቡ። የቀረች ጠብታ ካለች ምላስ ላይ ትቀራለች፣ ጉሮሮ አትገባም። ከዚያ ሁለተኛ "ቱ!"። ሁለቴ ነፍታችሁ አሁንም ጉርግር የሚል ከሆነ ቱቦው የታጠፈበት ቦታ ላይ ውሃ ተኝቷል፤ ራሳችሁን ትንሽ ቀና አድርጋችሁ ድገሙት።

አሁን ዕቃውን ታጠቁ። ዋናው ልምምድ ልውውጡ ነው። ቅደም ተከተሉን አታፋልሱ፦

ቢሲዲውን ንፉ። ይህ ሁልጊዜ ይቀድማል። ሳይነፉ ሬጉሌተር ማውጣት የለም።

በግራ እጃችሁ የስኖርክሉን የአፍ ጎማ ያዙ፤ የት እንዳለ ሳታዩ በመዳሰስ አግኙት።

አየር ሳቡ። ፊታችሁ ውሃ ውስጥ እንደሆነ በቀኝ እጃችሁ ሬጉሌተሩን አውጡና አፉን ወደ ታች አዙሩት። አፉ ወደ ላይ ከሆነ አየር ያለማቋረጥ እየፈሰሰ አረፋው ዓይናችሁን ይጋርዳል፣ ታንካችሁም ይራቆታል።

ስኖርክሉን ጎርሱ፣ "ቱ!" በሉ፣ በጥንቃቄ ሳቡ።

ከዚያ ወደ ሬጉሌተር ተመለሱ። ሬጉሌተሩንም ከመሳባችሁ በፊት ንፉበት ወይም መሃሉ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጫኑ፤ ውስጡ ውሃ አለ። ይህን ሳትጣደፉ የምታደርጉት እስኪሆን ድረስ ደጋግሙት። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ። ባሕር ላይ ፀሐይ፣ ሞገድና ድካም ሲደመሩ ዓይን ያን ያህል አይረዳም።

ኪስ ለምትጠቀሙ ደግሞ ሌላ ልምምድ አለ። ሬጉሌተር ጎርሳችሁ፣ ቢሲዲ ተነፍቶ፣ ስኖርክሉን ከኪስ አውጥታችሁ ዘርግታችሁ ሰኩት። ክሊፑ እምቢ ካለ አትታገሉት። በእጃችሁ ይዛችሁ ጎርሱት። ለተወሰነ ደቂቃ በእጅ የተያዘ ስኖርክልም ይተነፈስበታል።

6. ባሕር ላይ

ስትገቡ። ከዳርቻ ሰባሪ ሞገድ ካለ ሬጉሌተር ጎርሳችሁ ግቡ፤ ሞገዱን ካለፋችሁ በኋላ ወደ ስኖርክል ቀይሩ። ከጀልባ በጀርባ ወደ ውሃ የምትገለበጡ ከሆነ ማስኩ ላይ የተሰካ ስኖርክል ውሃውን ይመታና ማስኩን ሊነቅለው ይችላል። መዳፋችሁ ማስኩንና ሬጉሌተሩን ሲይዝ ሌላው እጃችሁ ማሰሪያውን ከኋላ ይያዝ።

ከመውረዳችሁ በፊት። በስኖርክል ዋኝታችሁ ቦታው ላይ ደርሳችኋል፣ ጓደኛችሁ "እንውረድ" ብሎ አውራ ጣቱን ወደ ታች አደረገ። ቢሲዲያችሁን አስተነፈሳችሁ፣ ወረዳችሁ፣ ሳባችሁ፤ ውሃ! አፋችሁ ውስጥ ያለው ስኖርክል ነው። ይህ የሚሳቅበት የጀማሪ ስህተት ነው፤ የደከመና የተዋከበ ሰው ግን በየትኛውም ደረጃ ሊያደርገው ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከምልክቱ በኋላ ሁለታችሁም ከሬጉሌተር ሁለት ትንፋሽ ሳትስቡ ቢሲዲ አይነካ። አንዳችሁ የሌላውን አፍ እዩ።

የቢሲዲው መሙያ ቱቦም በግራ መሆኑን አትርሱ። ስኖርክሉም በግራ ነው። አየር ላስወጣ ብሎ ስኖርክሉን ቀና የሚያደርግ ሰው አያችሁ? በቁልፉ እወቁት፤ ቁልፍ የሌለው ቱቦ ስኖርክል ነው።

ታች ስትሆኑ። ፍሰት ካለ ማስኩ ላይ ያለው ቱቦ ይርገበገባል። ማስካችሁ በግራ በኩል ብቻ ደጋግሞ ውሃ የሚያስገባ ከሆነ ማሰሪያውን ከማጥበቃችሁ በፊት ስኖርክሉን ጠርጥሩ። አውጡትና ኪስ ክተቱት፤ ማስኩ ብዙ ጊዜ ያኔውኑ ይረጋል። ጓደኛችሁ አየር አልቆበት ወደ እናንተ ከመጣ ደግሞ የምትሰጡት የሬጉሌተር ቱቦ ከስኖርክሉ ጋር እንዳይጠላለፍ ተጠንቀቁ።

ስትወጡ። ላይ እንደደረሳችሁ ስኖርክል አትፈልጉ። ቢሲዲ ንፉ፣ ዙሪያችሁን እዩ፣ ለጀልባው ወይም ለዳርቻው "ደህና ነኝ" በሉ። ቀሪ አየራችሁን እዩ። ከዚያ ወስኑ። ሞገዱ ከራሳችሁ በላይ እየተደፋ ነው? ሬጉሌተሩ ይቆይ። ለጥ ያለ ነው፣ መንገዱም ረጅም ነው? ቀይሩ። በየአምስት ደቂቃው ቀና ብላችሁ አቅጣጫችሁን አስተካክሉ፤ ፊቱን የደፋ ሰው ሳያውቀው ይጠማዘዛል። የሚያልፉ ጀልባዎችንም ያኔ ታያላችሁ።

በስኖርክል ስትመለሱ ከታች ቆንጆ ነገር አይታችሁ ትንፋሽ ይዛችሁ ልትወርዱ ይከጅላችሁ ይሆናል። ተዉት። ከስኩባ በኋላ ሰውነታችሁ ውስጥ ገና ያልወጣ ናይትሮጅን አለ። ትንፋሽ ይዞ ወርዶ ቶሎ መውጣት ያን ጊዜ አይመከርም። ዋኙበት እንጂ አትጥለቁበት።

7. ጥቂት ስለ እንክብካቤ

በንጹሕ ውሃ እጠቡት፣ ጥላ ውስጥ አድርቁት። የሚጠቀለለውን ዓመቱን ሙሉ ተጠቅልሎ አትተዉት፤ ቤት ሲሆን ይዘርጋ። ወደ ጉዞ ከመሄዳችሁ በፊት የአፉን ጎማ በጣታችሁ ጎትቱት። ጥርስ የበሳው ቦታ ካለ ወይም ከቱቦው ጋር የያዘችው ማሰሪያ ከላላች ቀይሩ። የኪራይ ስኖርክል ከሆነ ደግሞ ክሊፑን አስቀድማችሁ እዩት። ኪራይ ቤቶች ቱቦውን ያጥባሉ፤ የተሰነጠቀ ክሊፕ ግን ብዙ ጊዜ ያመልጣቸዋል። የተሰነጠቀ ከሆነ ወደ ውሃው ሳትገቡ አስለውጡት።